እትዬ ደብሪቱና የሦስት ወሩ ቀጠሮ

ብርቄን ያየኋት መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ነው። በግ ከሚሸጥበት ወደ ገብስ ተራ ስሻገር፣ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አንድ ነጋዴ ፊት ቆማለች። የእትዬ ደብሪቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ነጠላውን ካየሁ በኋላ የምጠይቀው ነገር አልነበረም። እሷ ግን አየችኝና መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

“መቼ?” አልኳት።

“ሐሙስ ጠዋት። ዓርብ ቀበርናት። ስልኩ እንደሆነ አይሠራ፣ በማን እንላክብሽ?” አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። “ስላንቺ አንሥታ ነበር። ‘ያቺ ልጅ ቀጠሮዋን እንዳትተው በሏት’ አለች።”

ገበያው መሀል ቆሜ አለቀስኩ። የሚያልፈው ሁሉ ዘመዴ የሞተ መስሎት “እግዜር ያጥናሽ” ይለኝ ነበር። ዘመዴ አልነበሩም። እኔ ራቤል ከተማ የተወለድኩ ነኝ፤ መሐል ሜዳ ሒሳብ አስተምራለሁ። እሳቸው ጓሳ ጥግ ካለች መንደር የሚኖሩ፣ ቄስ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ያገናኘን የሐኪም ቢላዋ ነው።

ደብረ ብርሃን፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ከማህፀን ግራና ቀኝ የሴት ዕንቁላል የሚያድርባቸው ሁለት ትንንሽ ፍሬዎች አሉ፤ የሁለታችንም ዕጢ የበቀለው እዚያ ላይ ነው። የእኔ በአንዱ ብቻ ነበር። አውጥተው ካስመረመሩት በኋላ “ከክፉውና ከደጉ መሀል የቆመ ዓይነት ነው፤ ለጊዜው ወጥቷል፤ ግን ክትትል ያስፈልግሻል” አሉኝ። የእሳቸው ካንሰር ነበር። ሁለቱንም ፍሬ ከነማህፀኑ አወጡት።

ከሰመመን ነቅቼ ሕመሙ ሲያስለቅሰኝ፣ ከጎኔ ካለው አልጋ አንድ የጎረነነ ድምፅ ሰማሁ።

“አንቺ ልጅ፣ ስታለቅሺ ሆድሽን በትራስ ደግፊ። ስፌቱ ይሳባል። ማልቀስ ካልቀረ በዘዴ ነው።”

ዞር ብዬ አየኋቸው። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ከፊት ጥርሳቸው አንዱ የጎደለ ሴት ናቸው። ከእኔ ቀድመው በዚያው ሳምንት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ናቸው። ትራሳቸውን ሆዳቸው ላይ አቅፈው፣ እንዴት እንደሚያዝ ሊያሳዩኝ ጎንበስ ብለው ነበር። ያዝኩት። እውነትም ለቅሶው ቀለለኝ።

ስለ ሆዳቸው ታሪክ የነገሩኝ እዚያው ተኝተን ነው። ባላቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። የቄስ ሚስት ባሏ ከሞተ በኋላ በሥርዓት ትኖራለች እንጂ ሌላ ወንድ አታውቅም፤ የአገሩ ዓይን እሷ ላይ ነው። ታዲያ የእትዬ ደብሪቱ ሆድ ቀስ እያለ መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ ገብሱ ነው፣ ነፋስ ነው አሉ። ኋላ ቀሚሱ አልበቃ ሲላቸው፣ በጠራራው ፀሐይ ሁሉ ጋቢ እየደረቡ መሄድ ጀመሩ። ውኃ የሚቀዱት ሰው ሳይበዛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከአጥሩ ውጭ ያስቀድሳሉ። እንዲህ ተሸሽገው ዓመት አለፈ።

“ሰው ምን አለ መሰለሽ? ‘ደብሪቱ አረገዘች’ አለ። እኔ ደግሞ ልጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከየት ይመጣል? ግን ሐኪም ቤት ብሄድ ‘ልታስወርድ ሄደች’ ሊሉኝ ነው። ባልሄድ ‘ልትወልድ ነው’ ሊሉኝ ነው። መውጫ አጣሁ። እቤቴ ቁጭ ብዬ ሆዴን ሳሳድግ ከረምኩ።”

“ታዲያ እንዴት መጡ?”

“ሰለቸኝ” አሉ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው ተሰብስቦ ዳቦና ጠላ ሲቃመስ፣ እትዬ ደብሪቱ ጋቢያቸውን አውልቀው መሀል ቆሙ። ሆዳቸው ከፊታቸው እንደ እንስራ ወጥቶ ይታያል።

“ወገኖቼ፣ በጎን እያያችሁ አንገታችሁ እንዳይጣመም በደንብ እዩት። ልጅ ከሆነ ለክርስትናው እጠራችኋለሁ። በሽታ ከሆነ ለለቅሶው ትመጣላችሁ። ሁለቱም ላይ መብል አለ። እኔ ግን ነገ ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው።”

የንስሐ አባታቸው ብቻ ተነሥተው መስቀል አሳለሟቸው። በማግስቱ በበቅሎ መሐል ሜዳ ወርደው መኪና ተሳፈሩ። ዕጢው ከወጣ በኋላ ወደ አገራቸው የላኩት ቃል መንደሩን ሁሉ አዳርሷል ይባላል፤ “ተገላግያለሁ። ወንድም አይደለ፣ ሴትም አይደለ። ክርስትና የለም።”

ይህን ሲነግሩኝ ሳቄ መጥቶ ትራሴን ሆዴ ላይ ጫንኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቁም ነገር ሲያወሩ ሰው አያዩም፤ እጃቸውን ነው የሚያዩት። እጃቸውን እያዩ፣ “ያን ዓመት ያሰረኝ በሽታው አይደለም” አሉ። “የሰው ምላስ ነው። እንግዲህ የዘገየሁትን አንድዬ ይቅር ይበለኝ።”

ከሆስፒታል ስወጣ እናቴ ከራቤል መጥታ መሐል ሜዳ ቤቴ ተቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለእኔ እስር ቤት ነበር። ቁስሉ ብርድ እንዳይመታው መስኮቱ ተዘጋ። የበሩ ሥር በጨርቅ ተወተፈ። ውኃ እንዳላነሣ፣ ደጅ እንዳልወጣ፣ ሰው እንዳያየኝ፣ ጎንበስ ቀና እንዳልል ተከለከልኩ። ሐኪሙ “ቀስ እያልሽ ተራመጂ” ብሎኝ ነበር፤ እናቴ ግን “ሐኪሙ አልወለደሽ” ትላለች።

እትዬ ደብሪቱ ለቀጣዩ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊያልፉ ሲሉ ሊጠይቁኝ ገቡ። በሩ ሥር ያለውን ጨርቅ በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

“እመቤቴ፣ ይቺን ልጅ አራስ አደረግሻት እኮ!” አሏት እናቴን። “ምን ወልዳ ነው?”

“ብርድ ይገባባታል ብዬ ነው እንጂ…”

“እኔስ? የእኔ ሆድ የበሬ ቆዳ ነው? ተነሺ አንቺ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰን እንመለስ።”

ሁለት የተሰፉ ሴቶች፣ ሆዳችንን በእጃችን ደግፈን፣ እናቴ ከኋላችን ጋቢ ይዛ እየተከተለች፣ በመሐል ሜዳ መንገድ ሄድን። የማውቃቸው ተማሪዎች ቆመው አዩን። እትዬ ደብሪቱ ከሁሉም ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንዷ ሴት “ምን ሆናችሁ ነው?” ብትላቸው “ሆዳችን ተከፍቶ ነገር ተለቀመበት፤ አሁን ባዶ ነው፣ ምሳ ጥሪን” አሏት። ያን ቀን ቤቴ ስመለስ መስኮቱን ራሴ ከፈትኩት።

ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት አዲስ አበባ፣ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ወሰዱ። ፀጉራቸው ሄደ። ሻሽ አስረው ሲመለሱ ደግሞ መንደሩ “ደብሪቱ መነኮሰች” አለ። “መጀመሪያ አስረገዙኝ፣ አሁን አመነኮሱኝ። ከቶ ዝም ብዬ ደብሪቱ የምሆነው መቼ ነው?” ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክትትል የሚሉት ነገር ጀመረን። በየሦስት ወሩ አብረን ደብረ ብርሃን እንወርዳለን። በአልትራሳውንድ ሆዳችንን ያያሉ፤ ደም ይቀዳሉ። ደሙ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ዕጢው ተመልሶ እንደሆነ የሚጠቁም ቁጥር በሳምንቱ በስልክ ይነገረናል። እትዬ ደብሪቱ ቃሉን ከመጀመሪያው ጠሉት።

“ክትትል ለሌባ ነው” አሉት ሐኪሙን። “ምን ሰርቄ ነው የምትከታተለኝ?”

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሳቀ። “እርስዎን አይደለም እትዬ፤ በሽታውን ነው የምንከታተለው።”

“እሱስ እኔ ውስጥ አይደል ያለው? እሱን ስትከታተል እኔንም ከበብከኝ።”

እውነታቸውን ነበር። ከውጭ ለሚያየን ድነናል። ቁስላችን ጠግጓል፤ ሥራችንን እንሠራለን። ግን የእኛ ዕድሜ ሦስት ሦስት ወር እየተቆረጠ ነው የሚሰጠን። ውጤቱ ደህና ሲባል አንድ ወር ሰው እንሆናለን። በሁለተኛው ወር ሆዴን መዳሰስ እጀምራለሁ። ሦስተኛው ወር ላይ ለተማሪዎች አንድን ቁጥር ለሌላ እንዴት እንደምናካፍል እያሳየሁ ሐሳቤ ሌላ ቁጥር ላይ ነው። እጮኛዬ ሠርጉን መቼ እናድርገው ሲለኝ “ከምርመራው በኋላ” እለዋለሁ። ከምርመራው በኋላ ሌላ ምርመራ አለ።

በዚያ ሁሉ ውስጥ መንገዱን የሚያቀልሉልኝ እሳቸው ነበሩ። ሁለቱም ፍሬዎች ስለወጡ የሴትነት ደማቸው ባንዴ ቆሞ፣ ድንገት የሚነሣ ሙቀት ያሠቃያቸዋል። አንድ ጊዜ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ውጭው ውርጭ ሆኖ፣ ያ ሙቀት መጣባቸው። ፊታቸው በላብ ተጠመቀ። መስኮቱን ሲከፍቱት ተሳፋሪው ሁሉ “ኧረ ዝጉት! ኧረ በመድኃኔ ዓለም!” ብሎ ጮኸ።

“ወገኖቼ ታገሡኝ” አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ጋቢያቸውን እያወለቁ። “ሐኪሙ ሲሰፋኝ ምድጃ ረስቶብኛል። የበረደው ወደ እኔ ይጠጋ።”

መኪናው በሳቅ ሞላ። መስኮቱም እስኪበቃቸው ድረስ ተከፍቶ ቆየ።

የእሳቸው መንደር ስልክ እንደልብ ስለማይገባ የሁለታችንንም ውጤት የምሰማው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን፣ ከክፍል እንደወጣሁ፣ የሆስፒታሉ ነርስ ደወለች። “የአንቺ ደህና ነው” አለችኝ። ደስ ሳይለኝ ገና “የእትዬ ደብሪቱ ግን ጨምሯል። አዲስ አበባ ሄደው ሲቲ ስካን መነሣት አለባቸው። ቶሎ ይሁን” አለች።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ጓሳ ጉዞ ጀመርኩ። እስከሚቻለው በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምላቸው ስለማመድ ሄድኩ። ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ለብርቄ ሠርግ ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ሊያሠሩላት ነው። አዩኝና እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

“በሥራ ቀን ተማሪ ትተሽ የመጣሽው የምሥራች ልትነግሪኝ አይደለም” አሉኝ።

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። “ቁጥሩ ከፍ ብሏል” አልኩ።

“የአንቺስ?”

“የኔ ደህና ነው።”

“እሰይ። እሱን አስቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?” አሉና ተነሡ። “ግቢ። መጀመሪያ እህል ቅመሺ።”

በሶ በጠበጡልኝ። እየጠጣሁ ስመለከታቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልነሣ ስል፣ ሳይዞሩ “ጠጪ” አሉኝ። ጠጣሁ። ሲዞሩ ፊታቸው ደርቋል።

ለጉዞ ተዘጋጅተው መሐል ሜዳ፣ እኔ ቤት በመጡ ማግስት በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘጋ። መኪና አይወጣም፣ አይገባም። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ይባላል። ስልክም ጠፋ። እትዬ ደብሪቱ በየማለዳው ስንቃቸውን ቋጥረው መናኸሪያ ይሄዳሉ። በየረፋዱ ይመለሳሉ። ዳቦው እስኪደርቅ ተቋጥሮ፣ እኛው በልተነው፣ እንደገና ሌላ ይጋገራል። ሳምንት ሳምንትን እየወለደ ሄደ።

እኔ ተቃጠልኩ። መኪና ያለውን ሁሉ ለመንኩ። በእግር የሚያወጣ መንገድ ጠየቅሁ፤ አንድ ሽማግሌ “ለጤነኛ ሰውም አይሆን” አሉኝ። እሳቸው ግን ቤቴ ጥግ ተቀምጠው ይፈትላሉ።

“እንዴት ዝም ብለው ይቀመጣሉ?” አልኳቸው አንድ ቀን፣ ተናድጄ። “ይህ ነገር እኮ ሆድዎ ውስጥ እያደገ ነው!”

እንዝርቱን አቆሙት። እጃቸውን አዩ።

“ልጄ፣ ዝም ያልኩ መሰለሽ? ሌሊቱን ሙሉ በልቤ እዚያ መንገድ ላይ ነኝ። ብጮህ ግን ይቺ ቤት ጠባብ ናት፤ ጩኸቴን የምትሰሚው አንቺ ነሽ። አንቺም ነገ የራስሽ ቀጠሮ አለሽ። ፍርሃቴን አሸክሜሽ ልትሄጂ ነው?”

ከዚያ በኋላ አልተናደድኩም። አጠገባቸው ተቀምጬ ፀጉሩን እያፍታታሁ ማቀበል ጀመርኩ።

መንገዱ ሲከፈት አብሬያቸው አዲስ አበባ ሄድኩ። ውጤቱን የነገረን ሐኪም ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ዕጢው ተመልሷል፤ ጉበታቸው አካባቢም ደርሷል።

“ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ…” አለ።

“እሱን መንገዱን ጠይቀው” አሉት። “አሁን ካለሁበት ተነሥተህ፣ አማርኛህን አቅንተህ ንገረኝ። ይድናል?”

“አይድንም እናቴ። መድኃኒቱ ጊዜ ሊጨምር ይችላል።”

“ስንት?”

“ይህን ማንም አያውቅም።”

“እግዜር ይስጥህ። ያላወቅኸውን አላውቅም አልከኝ” አሉት። መድኃኒቱን ከመሐል ሜዳ እየተመላለሱ ጥቂት ጊዜ ወሰዱ። የሚቀጥለውን ዙር መንገዱ እንደገና ተዘግቶ ዋጠው። ሲከፈት አቅማቸው አልነበረም፤ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ገብስ በሚታጨድበት ወቅት ነው። ጠፍር አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል። እጅና እግራቸው ቀጥኖ ሆዳቸው እንደገና ተነፍቷል። ቤቱ ጭስ የጠገበ፣ ጨለም ያለ ነው፤ ብርድ እንዳይገባ በሩ ገርበብ ብሏል። ብርቄ አጠገባቸው ናት። ገብቼ እጃቸውን ስሜ “አይዞዎት እትዬ ደብሪቱ” አልኩ።

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡት።

“አንቺም?” አሉኝ። “የሚመጣው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል። የንስሐ አባቴም አይዞሽ፣ ጎረቤትም አይዞሽ፣ ይቺ ልጄም አይዞሽ። አይዞሽ ከተባልኩ ደግሞ ደህና ነኝ ማለት አለብኝ። እንዲህ እያደረጉ አፌን ከደኑት። እኔ ፈርቻለሁ። ይህን የምነግረው ሰው አጣሁ።”

ብርቄ “እማዬ…” ልትል ጀመረች። ክንዷን ያዝ አደረግኋት።

“ምኑን ነው የፈሩት?” አልኳቸው።

ነገሩኝ። ሞትን አልፈራም ብለው አልዋሹም። የብርቄን ሠርግ አለማየታቸውን ነገሩኝ። የመንዝ አፈር እንዴት ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ ባላቸው ሲቀበሩ እጃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው እንዳዩት ነገሩኝ። ከሁሉም በላይ የፈሩት ግን ሕመሙ ሲበረታ አምላካቸውን እንዳያማርሩ ነበር። “እስከ ዛሬ የቻልኩትን መጨረሻው ላይ ብፈታውስ?” አሉ። እያንዳንዱን ሲናገሩ እኔ “እሺ” ብቻ እል ነበር። ብርቄ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፤ ኋላ ግን መጥታ ግርጌያቸው ተቀመጠችና እግራቸውን ታሻቸው ጀመር። እኩለ ቀን አለፈ። ሲጨርሱ፣ ሸክም እንዳራገፈ ሰው በረጅሙ ተነፈሱ።

“ደጁን ካየሁ ሰነበትኩ” አሉ።

ብርቄ “ብርዱ…” አለችና አየችኝ። ከዚያ ምንም ሳንባባል በሩን ወለል አድርገን ከፈትነው። እኔ በራስጌ፣ እሷ በግርጌ፣ አልጋውን አነሣነው። ከባድ አልነበሩም። ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ በሚያርፍበት አኖርናቸው።

ማሳው ከፊታቸው ተዘርግቷል። ግማሹ ታጭዷል፤ ግማሹ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። አጫጆቹ አዩአቸውና ማጭዳቸውን እንደያዙ በየተራ እየመጡ ቆሙ።

“እንደምን ዋልሽ ደብሪቱ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተክሌ። ገብሱ እንዴት ነው?”

“ውርጭ ትንሽ ነክቶታል። ፍሬው ግን ደህና ነው።”

“ካልደረቀ አትከምሩት።”

“እሺ፣ አንከምረውም።”

ሁሉንም በየስማቸው ጠሯቸው። አንዷን ስለ ታመመው በሬዋ፣ አንዱን ስለ ጎረምሳ ልጁ ጠየቁት። ማንም ስለ ሆዳቸው አላነሣም። ሰዎቹ ተመልሰው ወደ ማሳው ገቡ፤ የማጭዱ ድምፅ እንደገና ይሰማ ጀመር። እትዬ ደብሪቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። ፀሐይዋ ከአልጋው ላይ ፈቀቅ ስትል ዓይናቸውን ገለጡ።

“በቃኝ” አሉን። “አሁን አስገቡኝ።”

አስገባናቸው።